ማሲንቆውን ወደን ባለማሲንቆውን ስንንቅ

መቼም የእናንተ ደብዳቤ ግማሹ የፍቅር፣ ግማሹ የቤት ኪራይ ለቅሶ ነው። የዛሬው ግን ለየት ይላል። ፍቅርም አለበት፣ ቤተሰብም አለበት፣ ማሲንቆም አለበት። ረዘም ስለሚል ጥቂት አሳጥሬዋለሁ። እነሆ፦

«የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። የምሠራው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት አብሮኝ የቆየ ጓደኛ አለኝ። አይሰክርም፤ ዋሽቶኝ አያውቅም፤ እናቱን ይጦራል። ሥራው ማሲንቆ መጫወት ነው። በሳምንት አራት ማታ በአንዲት ትንሽ የባህል ቤት ይጫወታል፤ ቀን ቀን ደግሞ ለልጆች ማሲንቆና ክራር ያስተምራል። ቤተሰቦቼ መጀመሪያ ‹ሙዚቀኛ ነው› ስላቸው ምንም አላሉም። ኪቦርድ መስሏቸው ነው መሰለኝ። ማሲንቆ መሆኑን የሰሙ ቀን ግን ቤቱ ተቀወጠ። ታላቅ ወንድሜ ‹ከዚህ ቤት ለአዝማሪ የሚዳር ልጅ የለም› አለ። እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ጓደኛዬ ሽማግሌ ሊልክ ተዘጋጅቷል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ‹የግል ድርጅት ሠራተኛ ነው እንበልና እንገላገል› ብለዋል። እሱ ራሱ በዚያ ሰሞን ‹ከፈለግሽ ማሲንቆውን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ታክሲ እነዳለሁ› አለኝ። ሲለኝ ግን ፊቱን አየሁት። ምን ትመክሩኛላችሁ? እሱ ማሲንቆውን ይተው? ወይስ እኔ እሱን ልተወው?»

አይ እህቴ! ሁለት መንገድ ብቻ ጠርገሽ ከሁለቱ አንዱን ምረጡልኝ ብለሻል። እኔ ሦስተኛ መንገድ አለኝ። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ከታላቅ ወንድምሽ ጋር ጥቂት ጨዋታ አለን።

ወንድሜ፣ ሰርጉ ላይ ማን ነበር የተጫወተው?

ታላቅ ወንድም ሆይ! እህትህ ይህን ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ትታልህ ከሆነ እባክህ ከመቅደድህ በፊት አንድ ጥያቄ መልስልኝ። በሰርግህ ቀን ማሲንቆ አልነበረም? ካላገባህም በጓደኛህ ሰርግ ላይ ባለማሲንቆው አጠገብህ መጥቶ ስምህን ሲጠራ፣ ዘርህን ሲያወድስ፣ ብድግ ብለህ ግንባሩ ላይ ብር አልለጠፍክም? ትከሻህስ ያን ጊዜ ዝም ብሎ ነበር?

እኔ በዚህ ከተማ ማሲንቆ የሚጠላ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ዘመድ ከውጭ አገር ሲመጣ የት ነው የምንወስደው? የባህል ቤት። ፈረንጅ እንግዳ ሲኖረንስ? የባህል ቤት። እዚያ ቁጭ ብለን «ይሄ እኮ የኛ ነው!» እያልን ደረታችንን እንነፋለን። ያው «የኛ» ያልነው ሰው ግን በማግስቱ ሽማግሌ ልኮ በራችንን ሲያንኳኳ ስሙ ይለወጣል። «አዝማሪ!» ተብሎ በሩ ይዘጋበታል።

ከደብዳቤው ሁሉ ያስገረመኝ የኪቦርዱ ነገር ነው። ኪቦርድ ሲመስላቸው ሰላም፣ ማሲንቆ ሲሆን ጦርነት! ልጁ ያው ልጅ፣ ጠባዩ ያው ጠባይ። ታዲያ መሣሪያው ሶኬት ላይ ከተሰካ ባለቤቱ «አርቲስት»፣ የፈረስ ጭራ ካለው «አዝማሪ» መሆኑ ነው? ይህን የምለው ለመሳቅ አይደለም። አንዲት ልጅ ልቧ ለሁለት እየተቀደደ ያለው በዚህች ልዩነት ምክንያት ስለሆነ ነው።

ንቀቱ ከየት መጣ?

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በብዕሬ የምኖር ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ ይህን ነገር ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። በድሮው ዘመን ክብር የነበረው በመሬት፣ በጦርና በቤተ ክህነት ነበር። በእጁና በድምፁ የሚኖረው ሰው ግን ዝቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ሁሉም ስም ወጥቶላቸዋል። አዝማሪውም እዚያው ቅርጫት ውስጥ ተጨመረ።

ዛሬ ግን የሸማኔውን ጥበብ ለብሳ የማትኮራ ሙሽራ የለችም። የወርቅ ሠሪው ልጅ ሲጠይቃት ደስ የማይላት እናትስ የት አለች? ከሁሉም ጋር ታርቀናል። ከባለማሲንቆው ጋር ብቻ እርቁ ግማሽ ሆኖ ቀረ፤ ዘፈኑን ተቀብለን ሰውየውን በር ላይ አቆምነው።

ቃሉ ራሱ እኮ ስድብ አልነበረም። «አዝማሪ» የተባለው ቃል ሥሩ የግዕዙ «ዘመረ» ነው። ዝማሬ፣ መዝሙር፣ ዘማሪ የምንላቸው ቃላት በሙሉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱን ወንድም በክብር እየጠራን ሌላውን ስድብ ያደረግነው እኛው ነን።

ሌላም ልንገራችሁ። አዝማሪ በድሮ ጊዜ ጋዜጣ ነበር። ከአገር አገር እየዞረ ወሬ ያደርሳል፤ ጀግናውን ያወድሳል፤ የበደለውን ጌታ በሰምና ወርቅ ይወጋዋል። ለዚህም ነው ጠላት የፈራው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ ጣሊያኖች እንዲገደሉ ትእዛዝ ካስተላለፉባቸው ሰዎች መካከል ከጠንቋዮችና ከትንቢት ተናጋሪዎች ጋር አዝማሪዎችም ነበሩበት። በእጃቸው ጠመንጃ ስለያዙ አልነበረም፤ አፋቸው ስለተፈራ ነው። እንግዲህ ወንድሜ፣ ፋሺስት እንደ ጦረኛ የፈራውን ሰው እኛ እንደ ዋልጌ ስናየው አያሳፍርም ትላለህ?

«አዝማሪ ቁም ነገር አይወጣውም» የሚሉም አሉ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ማን ነበሩ? በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ የአገራችን የሸክላ ሙዚቃ በስማቸው የሚጀምር ሰው ናቸው። ማሲንቆውም ነጋድራስነቱም በአንድ ሰው ላይ ተቀምጠዋል። ወደኛ ዘመን ጠጋ ስንል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተቋቋመ። ያቋቋሙት ግብፅ የተወለዱት የሙዚቃ ሰው ሐሊም ኤል-ዳብ ናቸው። ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ዋሽንቱ፣ ከበሮው በአንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በዚያው ሰሞን ቻርልስ ሰተን የሚባል አሜሪካዊ የሰላም ጓድ ከባለማሲንቆው ጌታመሳይ አበበ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ማሲንቆ ተማረ፤ ከኦርኬስትራውም ጋር ተጫወተ። ባሕር አቋርጦ የመጣ ሰው «አስተምረኝ» ያለውን ሙያ እኛ ደጃፋችን ላይ «ሂድልን» እንላለን። ጉድ እኮ ነው!

ትንሿ ቤት

እናንተ ዕድሜያችሁ ለጋ የሆነ፣ ሙዚቃ ማለት ጆሮ ውስጥ የሚሰካ ነገር ብቻ የሚመስላችሁ፣ አንድ ማታ ከእኔ ጋር ብትመጡ ደስ ይለኛል። ትልቅ አዳራሽ፣ ግድግዳ የሚያርድ ስፒከር ያለበት ቦታ አልወስዳችሁም። ሠላሳ ሰው ከገባ ትከሻ ለትከሻ የሚነካካበት፣ ወለሉ ቄጤማ የተጎዘጎዘ፣ በርጩማው አጭር፣ ጠጁ በብርሌ የሚቀርብበት ቤት ነው የምወስዳችሁ።

እዚያ ቤት ውስጥ መደበቂያ የለም። ተጫዋቹ ከጉልበታችሁ አንድ ክንድ ርቆ ይቆማል። የፍየል ቆዳ የተወጠረበት ባለአራት ማዕዘን የእንጨት ሣጥን፣ አንድ ረዥም አንገት፣ አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ አንድ ደጋን። በቃ! አንዲት ክር ብቻ! በዚያች አንዲት ክር ላይ ነው ትዝታው፣ ባቲው፣ አምባሰሉ፣ አንቺሆዬው የሚወጣው። ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም፤ ጆሮው ብቻ ነው የሚመራው። ቢሳሳት የሚሸፍንለት ከበሮ ማሽን የለም፤ ድምፁ ቢዝግ የሚያስተካክልለት ኮምፒውተር የለም። ኮምፒውተር ያስተካከለውን ዘፈን ስትሰሙ ለከረማችሁ ልጆች፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ብቻ ይዞ ፊታችሁ ሲቆም ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

ደግሞ ዝም ብሎ የተጠናውን አይደለም የሚዘፍነው። ዓይኑ ሥራ ላይ ነው። ማን ከማን ጋር እንደመጣ፣ ማን እንዳኮረፈ፣ የማን ጫማ አዲስ እንደሆነ ያያል። ወዲያው ግጥም ይሠራል። ግጥሙ ቤት መምታት አለበት፤ ምቱ ላይ መድረስ አለበት፤ ማሳቅ አለበት፤ ሰው እስኪጣላ ድረስ ግን ማስከፋት የለበትም። ይህን ሁሉ በስንት ሰከንድ? እስኪ ሞክሩት።

ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬን ይዤ እንዲህ ያለ ቤት ገባሁ። ጓደኛዬ ደመወዙ ደህና፣ እጁ ግን የታሰረ ነው። ብልጥ ነኝ ብሎ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ለሌላው ሁሉ ሲዘፈን ያጨበጭባል፤ ኪሱን ግን አይነካም። ባለማሲንቆው ዞሮ ዞሮ መጣና፣ ፈገግ እንዳለ፦

በር ሥር የተቀመጥክ ብርዱ የሚቀጣህ፣
መነጽር እያለህ ኪስህን የት አጣህ?

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጓደኛዬም ከሁሉ በላይ ሳቀ፤ መቶ ብርም አወጣ። ሲወጣ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «ይሄ ሰውዬ ጠበቃ ቢሆን ኖሮ ሀብታም ነበር» አለኝ። እኔ ደግሞ «ጠበቃ ቢሆን ኖሮ ልጅህን ትሰጠው ነበር?» አልኩት። ዝም አለ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ማለት ይህ ነው።

«ተቀበል!» የሚባለውንም ታውቁታላችሁ። እንግዳው ከመቀመጫው ሆኖ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ያን ጊዜ ዘፈኑ የማን ነው? የሁለቱም ነው። የተጣላ ለፍቅረኛው ይቅርታ የሚጠይቀው በዚያ ነው። አለቃውን መናገር ያልቻለ የሚተነፍሰው በዚያ ነው። እናቱ የሞተችበት የሚያለቅሰውም በዚያው ነው። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ስሜታችሁን ተሸክማችሁ ገብታችሁ ተሸክማችሁት ትወጣላችሁ፤ ትንሿ ቤት ግን ትቀበላችኋለች።

ከባንኮኒ ሥር የተነሣው

«እሺ ይሁን፣ ግን ወዴት ያደርሳል?» ለሚል ቤተሰብ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለኝ። በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊ ስለነበር የማታ ጨዋታ ታፍኖ ቆይቷል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ እላፊው ሲነሣ አዝማሪ ቤቶች በአዲስ አበባ እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ካዛንቺስ ውስጥ ከነበሩት አንዷ ፈንድቃ ትባል ነበር። እዚያች ቤት ውስጥ መላኩ በላይ የሚባል ወጣት በሽልማት ብቻ እስክስታ እየወረደ፣ ሌሊት ባንኮኒ ሥር እየተኛ ዓመታት ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤቷን ራሱ ተረከባት።

ከዚያስ? ማሲንቆውን አውጥቶ ዲጄ አላስገባም። ማሲንቆው እዚያው ሆኖ ሥዕል ተሰቀለ፤ ግጥም ተነበበ፤ የጃዝ ሰዎችና የባህል ሰዎች በአንድ ክፍል ተገናኙ። ኢትዮከለር የተባለው ባንዱም በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ተጫወተ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ፈንድቃም የነበረችበትን ቤት ለቀቀች። ስንት ሰው እንዳዘነ አስታውሳለሁ። ያዘንነው ለግድግዳው ብቻ ነበር? ግድግዳውስ ጭቃ ነው። ያዘንነው እዚያ ውስጥ ለነበሩት ሰዎች ነው። እነዚያ ሰዎች ደግሞ የአንድ ሰው ባል፣ የአንዲት እናት ልጅ፣ የአንድ ቤት አማች ናቸው። ለቤቱ ካለቀስን፣ ለሰውየው ወንበር መሳብ እንዴት ያቅተናል?

ቤተሰቡ ልክ የሆነበት ቦታ

አሁን ደግሞ ወደ አንቺ ልምጣ እህቴ። ፍቅር ነው ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ አልዳርሽም። እናትሽ በ«አዝማሪ» ስም ያለቀሱት ለቅሶ ውስጥ እውነተኛ ፍርሃትም አለ። ስድቡን አውጥተሽ ጣዪው፤ ፍርሃቱን ግን ቁጭ ብለሽ ስሚው።

አንደኛ፣ ገንዘቡ። ሽልማት ደመወዝ አይደለም። በበዓል ሰሞን ኪስ ይሞላል፤ በጾም ወራት ብዙ ቤቶች ይቀዘቅዛሉ። የሁዳዴን ሃምሳ አምስት ቀን በምን ያልፋል? ጓደኛሽ ልጆች ማስተማሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ያ በወር የሚቆጠር ገቢ ነው። ስንት ተማሪ እንዳለው፣ ባለቤቱ በማታ የሚከፍሉት ስንት እንደሆነ፣ ሽልማቱ ከጓደኞቹ ጋር እንዴት እንደሚካፈል በወረቀት ላይ ቁጭ ብላችሁ ደምሩ። የአንድ ዓመቱን በሙሉ። ፍቅረኞች ሒሳብ ይፈራሉ፤ የሚያጋባው ግን እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ሌሊቱ። አንቺ ጠዋት መድኃኒት ቤት ትገቢያለሽ፤ እሱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይመጣል። መቼ ነው የምትተያዩት? ልጅ ሲመጣስ ማን ይነሣል? አራቱን ማታ ወደ ሦስት ማውረድ ይቻል እንደሆን ከአሁኑ ተነጋገሩ።

ሦስተኛ፣ ብርሌው። በዚያ ሥራ ውስጥ እንግዳ ሁሉ «ጠጣልኝ» ይላል። አይሰክርም ብለሻል፤ ጥሩ። ግን «አልጠጣም» ማለት ሲከብደው እንዴት እንደሚያመልጥ ጠይቂው። መልስ ያለው ሰው አስቦበታል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ቤቱ ራሱ። ትንንሽ ቤቶች በኪራይም በመልሶ ማልማትም በድንገት ይዘጋሉ። ያለበት ቤት ነገ ቢዘጋ ሁለተኛ በር አለው? እነዚህ ጥያቄዎች ለሐኪምም ለነጋዴም የሚቀርቡ ናቸው። ለሰው የሚቀርብ ጥያቄ ከቀረበለት እንደ ሰው ተቆጥሯል ማለት ነው።

ሦስተኛው መንገድ

እንግዲህ ምክሬ እነሆ። በመጀመሪያ፣ ሽማግሌዎቹ እንዳይዋሹ። «የግል ድርጅት ሠራተኛ» ብለው ቢያስታርቁ፣ በሰርጉ ማግስት አንድ ሰው ማሲንቆውን ይዞ ያየዋል። ያን ጊዜ ቤተሰብሽ የሚጠላው ሙያውን ብቻ አይደለም፤ ሰውየውንም ውሸታም ብሎ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ውሸቱ ለእሱ ምን ይነግረዋል? «እኔም አፍሬብሃለሁ» ይለዋል።

ሁለተኛ፣ ማሲንቆውን አይስቀል። «ታክሲ እነዳለሁ» ሲልሽ ፊቱን አየሁት ብለሻል። መልሱን እኮ ራስሽ ጽፈሽዋል! ታክሲ መንዳት የተከበረ ሥራ ነው፤ ወዶ የሚነዳውን ያኑርልን። ተገዶ የነዳ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ማሲንቆ በተጣላችሁ ቁጥር ይናገራል። «ላንቺ ስል ተውኩት» የሚለው ዘፈን ደግሞ ማብቂያ የለውም።

ሦስተኛ፣ እናትሽን ውሰጃቸው። አዎ፣ እዚያች ቤት ውስጥ! ቅዳሜ ማታ ግርግር ሲበዛ አይሁን፤ ሰው በሚቀንስበት ቀን፣ በጊዜ፣ ገና ቤቱ ሳይሞቅ። ብቻቸውን አይምጡ፤ ከዘመድ ውስጥ ሰምተው የሚያስረዱ አንዲት አክስት አይጠፉም፤ እሳቸውን ጨምሪ። ጠጅ የማይጠጡ ከሆነ ሻይ ይቀርብላቸው። ጓደኛሽን ደግሞ አደራ በይው፤ እናትሽን በግጥም እንዳያወድስ! ገና ሳያውቃቸው ካወደሳቸው «ይኸው፣ በምላሱ ሊገዛኝ!» ይላሉ። ዝም ብሎ ሥራውን ይሥራ። የእሳቸውን አገር ዜማ ይጫወት። ሲጨርስ ማሲንቆውን አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ደህና አመሹ እማማ» ይበላቸው። በቃ።

እናትሽ ያን ቀን ይስማማሉ አልልሽም። ግን ከዚያ በኋላ «አዝማሪ» ሲሉ ፊቱ ይመጣባቸዋል። የሰው ፊት ያየ ስድብ ምላስ ላይ ይከብዳል። ታላቅ ወንድምሽ በመጨረሻ ይመጣል፤ እናት የተቀበለችውን ወንድም ብዙ ጊዜ አይመልስም። ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል። ሽማግሌው ለአንድ ወቅት ይቆይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ እምቢ ቢሉስ? 26 ዓመትሽ ነው፤ እንጀራሽን የምትበዪው በራስሽ ላብ ነው። ሒሳቡ ከተደመረ፣ ጥያቄዎቹ ከተመለሱ፣ የቀረው ስድቡ ብቻ ከሆነ፣ ለስድብ ብለሽ ደህና ሰው አትጪ።

ለሁላችሁም

እናንተስ አንባቢያን? ደብዳቤው የአንዲት ልጅ ይሁን እንጂ ጉዳዩ የሁላችንም ነው። በዚህ ወር ከጓደኞቻችሁ ጋር አንድ ማታ ትንሽ የባህል ቤት ግቡ። ስትገቡ ግን እንግዳ ሁኑ። ሙዚቃው እየተጫወተ በስልክ አትጩኹ። ቪዲዮ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ የሱ እንጀራ ነው። ሽልማት ስትሰጡ እንደ ምጽዋት አትወርውሩ፤ ቆማችሁ በእጅ ስጡ። ግንባር ላይ መለጠፍ ልማድ ነው፤ ሴት አዝማሪ ስትሆን ግን እጃችሁ ከብሩ አልፎ እንዳይሄድ። ትዘፍንላችሁ ዘንድ ነው የመጣችው፤ ሌላ ውል የለም። ሲነኳችሁ ሳቁ፤ የማይስቅ ሰው ቤቱ ይቀመጥ። «ተቀበል!» ስትሉ ደግሞ ሰው የሚያቀያይም፣ ብሔር የሚሰድብ ግጥም አትስጡ። እምቢ ማለት የማይችልን ሰው አፍ ለቂም መዋስ ነውር ነው።

መሣሪያውን መማር የምትፈልጉም አላችሁ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ያስተምራል። ያ ሩቅ ከሆነባችሁ ትንሿ ቤት ውስጥ የሚጫወተውን ሰው ጨዋታው ሲያልቅ «ታስተምረኛለህ?» በሉት። ብዙዎቹ ቀን ቀን ተማሪ ይቀበላሉ። ስትወጡም ስሙን ጠይቁት። ሲያመሽ የእናንተን ስም ሲጠራ ነበር፤ የሱን ስም ግን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ?

እስቲ እናንተም ጻፉልኝ። በቤታችሁ «ለዚህ ሙያ አንድርም» የሚባለው ማን ነው? ምክንያቱስ ምንድን ነው ይላሉ? የሚጠቅመውን መርጬ አወጣዋለሁ፤ ስም አላወጣም፤ በዚህ እመኑኝ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን። ቸር ይግጠመን!